ሲሶ እንክብል

የሾፌሩ ሚስት ገና ጎህ ሲቀድ ነቅታ በመስኮት ብታይ፣ ባሏ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሱሪውን ያጥባል። ዓይኗን አላመነችም። የጠጣበትን ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ ካልሲው አልጋ ሥር ከገባበት ጎንበስ ብሎ ከማውጣት ሌላ ካልሲ መግዛት የሚቀለው ሰው፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ውሃው እንዳይሰማ ቧንቧውን በቀጭኑ ከፍቶ ፍትግ ፍትግ ያደርጋል። አጥቦ ሲጨርስ ደግሞ ገመዱ ላይ አላሰጣውም። ጨመቀው፣ ፌስታል ውስጥ ከተተው፣ ግራና ቀኝ አየና በር ላይ ወደቆመችው የዳቦ መኪናው ይዞት ሄደ። ሚስት ሞኝ አይደለችም። ወንድ ልጅ ድንገት ንጽሕና ከጀመረ የሚደብቀው ነገር አለ፤ የሚደብቀው ነገር ካለ ደግሞ ያ ነገር ቀሚስ ለብሷል። ሽቶ ይሆናል፣ የከንፈር ቀለም ይሆናል፣ ብቻ አንድ ነገር አለ። ሹራቧን ደረበች፣ ግቢውን አቋርጣ እትዬ ዘንድ ገባች።

እትዬ የሾፌሩ ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳትወልድም የእናትነቱ ወግ የደረሳት ሴት ናት። እናታቸው ስትሞት ሾፌሩ ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር፣ ታናሻቸው ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ተማሪ ነበረች፤ ሁለቱንም የስፌት መኪና እየረገጠች ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻቸው እሷ ናት። አሁንም ሦስቱ እናታቸው በተወችላቸው ግቢ ይኖራሉ። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል፣ መስታወትና የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያለባት፣ የፀጉር ሠሪዋ ናት፤ መሐል ያለችው የእትዬ፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ የሾፌሩና የሚስቱ። በዚህ ግቢ እትዬ ሳትሰማው የሚሆን ነገር የለም። ሚስትም ከተዳረች ጀምሮ «እርስዎ» እያለች ነው የምታናግራት፤ እትዬም አንድ ቀን «ኧረ አንቺ በይኝ» ብላት አታውቅም።

ሚስት ስትገባ እትዬ የዘወትር የጠዋት ሥራዋ ላይ ነበረች። ነጭ የሻይ ሳህን ፊቷ አስቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ፣ አንዲት ቢጫ እንክብል በጥፍሮቿ ይዛ እንደ ባቄላ ትፈለቅቃለች። የውስጡን ዱቄት ሳህኑ ላይ ታራግፍና ክር በምትቆርጥበት ምላጭ ሦስት ቦታ ትከፍለዋለች። አንዱ ክምር ከፍ ያለ ከመሰላት ከዚያ ቆንጥራ ወደዚህ፣ ከዚህ ቆንጥራ ወደዚያ ትመልሳለች፤ እስትንፋሷ እንዳይበትነው አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አንዱ ሲሶ የእሷ፣ አንዱ የሾፌሩ፣ አንዱ የፀጉር ሠሪዋ። ይሄንን ጉድ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፣ ለቤቱ ሰው ግን ፊት እንደመታጠብ ሆኗል።

እንክብሉ የመጣው ከሆስፒታል ነው። እናታቸው የሞተችው «በሆድ ሕመም» ነው፤ በዚህ ቤት ከዚህ ያለፈ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ሕመሙ የአንጀት ካንሰር እንደነበር፣ ከየት በኩል ደም ይፈሳት እንደነበር፣ ሴትየዋ በሃፍረት ስንት ጊዜ ደብቃ እንደቆየች የምታውቀው ያስታመመቻት እትዬ ብቻ ናት፤ እሷም አፏን ሰፍታ ነው የኖረችው። ታዲያ ሆስፒታሉ ወላጆቻቸው በዚህ በሽታ የሞቱባቸውን ሰዎች ይፈልጋል ሲባል ሰማችና ሄዳ ተመዘገበች። እርድ ውስጥ ያለው ቢጫው ነገር፣ ኩርኩሚን የሚሉት፣ በሽታው ሳይጀምር ይከላከል እንደሆነ ሊያጠኑ ነው አሏት። በየቀኑ አንድ እንክብል ተሰጣት። እትዬ ግን ዕድሜ ልኳን አንድ ነገር ለብቻዋ ጎርሳ አታውቅም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ እናት የሦስቱም ከሆነች በሽታውም የሦስቱ ነው፣ በሽታው የሦስቱ ከሆነ መድኃኒቱም ለሦስት ይከፈላል። ስለዚህ ከፈለችው። ማካፈሏን ለሆስፒታሉ አልተናገረችም፤ እዚያ ሆስፒታል ከእንክብሉ ሌላ የሚደረግ አንድ ነገር እንዳለ ደግሞ ለወንድምና እህቷ ትንፍሽ አላለችም።

ፀጉር ሠሪዋ በነገር መቀለድ ስለምትወድ ገና በመጀመሪያው ሰሞን ጣቷን ልሳ «እትዬ፣ ይሄ ነገር እርድ እርድ አይልም እኮ፤ የገንፎ ዱቄት ነው የሚለው» ብላ ነበር። «አንቺ ደግሞ! ሽታውን ሳይንስ አውጥቶት ነው» አለቻት እትዬ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። የሾፌሩ ሚስትም አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ እንደ ጨዋታ አድርጋ፣ «ለእኔስ የለኝም?» ብላ ጠይቃ ነበር። እትዬ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት «የኔ ልጅ፣ ይሄ ለእኛ ደም ነው» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ እውነቷን ነው። ሚስት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህኑ ባለበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ አታውቅም፤ ዛሬም ቆማ ነው ያወራችው።

«እትዬ፣ ይሄ ወንድምዎ ሴት ይዟል።»

«ኧረ ተይ! ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም፤ ዓይኔ ነው ያለኝ። ቧንቧውን በቀጭኑ ከፍቶ ሱሪውን ተደብቆ ያጥባል። ዛሬ ብቻ መስሎዎት? አልጋ ለይቷል፤ ወገቤን አሞኛል ብሎ መሬት ፍራሽ ዘርግቶ ነው የሚተኛው። ሳናግረው ይቆጣል። እርስዎ እንደ እናቱ ነዎት፤ ወይ እርስዎ ይንገሩት፣ ወይ እኔ እናቴ ቤት እሄዳለሁ።»

እትዬ ምላጩን አስቀመጠችና «አናግረዋለሁ» አለች። ወዲያው ሾፌሩ ራሱ እጁ ከውሃው እንደቀላ ገባ፤ ሚስቱ ገለል ብላ ወጣች። ከበሩ ላይ ሲተላለፉ ትከሻቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ተጠነቀቁ። ሾፌሩ ጣቱን አርሶ የራሱን ሲሶ ከሳህኑ ላይ አነሳና ላሰ። እንደ ወትሮው ቶሎ ብሎ አልወጣም። ሳህኑን እያየ ቆመና፣ «እትዬ፣ ዛሬ ትንሽ ጨምሪልኝ» አለ። ይሄ ሰው እንክብሉን እንደ እህቱ ሞኝነት ነበር የሚያየው፤ ሊያስደስታት ብሎ ነበር የሚልሰው። እትዬ ምንም ሳትጠይቅ የራሷን ድርሻ ወደ እሱ ገፋችለት። ያንንም ላሰ። ሱሪው ወገቡ ላይ ሲንሸራተት አየች፤ በቅርቡ እሷ ራሷ አጥብባለት «ዳቦ እያመላለስክ ዳቦ አትበላም እንዴ?» ብላ ቀልዳበት ነበር። አሁን ልታናግረው አፏን ከፈተች። ግን ስለ ሴት፣ ስለ መኝታ፣ ከታናሽ ወንድም ጋር በየት በኩል ይጀመራል? በዚህ ቤት ከወገብ በታች ስላለ ነገር ቃል የለም። «ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው። «እሺ» ብሎ ወጣ።

ቀጠሮዋ ከረፋዱ በኋላ ስለነበር ጥቂት ሥራ ልትነካ ስፌት መኪናዋ ጋ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣው የሆቴል ኩክ ነው፤ የታወቀ ደንበኛዋ ነው፣ ሆዱም አፉም ሰፊ። ነጭ የሥራ ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ደረቱ ላይ ያለውን ቢጫ ነጠብጣብ በጣቱ ጠቆመ። «እርድ ተረጨብኝ። በበረኪና ሞከርኩት፣ በሎሚ ሞከርኩት፤ ሳሙናውን ጨረሰው እንጂ እሱ ወይ ፍንክች!» አላት። እትዬ ጨርቁን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «በከንቱ አትድከም፣ እርድ አይለቅም» አለችው። «እርድ የነካው ነጭ ጨርቅ እርድ እንደነካው ነው የሚቀረው። ኪስ እለጥፍበታለሁ፣ ማንም አያየውም።» ኩኩ ከት ብሎ ሳቀ፤ «ታዲያ ኪሱ ውስጥ ምን ልከት?» ብሎ ጃኬቱን ትቶላት ሄደ። ኪሱን ቆርጣ በመርፌ ቁልፍ አድርጋ ሰካችውና፣ ሰዓቱ ስለደረሰ ሳትሰፋው ተነሳች።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅም ነው፤ ግድግዳው እስከ ግማሹ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወለሉን ነው የሚያየው። ልብ ሕክምና የመጣ ሰው ደረቱን ነፍቶ «ልቤን ነው» ይላል፤ ዓይን ሕክምና የመጣም እንደዚያው። እዚህ ክፍል በር ላይ ግን «ምንህን ነው?» ብሎ የሚጠይቅም፣ ቢጠየቅም የሚመልስ የለም። እትዬም ወለሉን እያየች ተራዋ ደረሰ። የምትከታተላት ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት፣ ሳቂታና ፈጣን ልጅ ናት፤ ደም ቀዳችላት፣ ክብደቷን መዘነች፣ እንደተለመደው መጠየቅ ጀመረች። እንክብሉ ሆድ ያስቸግራል ወይ? ያቅለሸልሻል ወይ?

«ኧረ ምንም!» አለች እትዬ። «ጣዕም እንኳ የለውም። ዱቄቱ ምላስ ላይ ወዲያው ነው የሚሟሟው።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አቆመች። «የምን ዱቄት? እንክብሉን ይከፍቱታል እንዴ?»

አንዳንድ ሰው ውሸት ይችልበታል፤ እትዬ አትችልበትም። ዝም ብትል ይሻላት ነበር፣ ዝም ማለት ግን ለቤት ነው የለመደችው። ስለ ሳህኑ፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ ሦስቱ ክምሮች አንድ በአንድ ተናገረች፤ ስትጨርስም ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብላ «ብቻዬን እንዴት እውጠዋለሁ? ወንድምና እህት እያለኝ!» አለች። ሲስተሯ መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ፣ እርዱ ይሥራ አይሥራ እኛም ገና አናውቅም። እሱን ለማወቅ አይደል እንዴ የምናደክማችሁ? ግማሻችሁ ኩርኩሚኑን ትወስዳላችሁ፣ ግማሻችሁ ምንም የሌለበትን፤ የማን የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም። እኛ እርግጠኛ የሆንበት ካሜራው ነው። ባለፈው ያቺን የበቀለች ሥጋ ከአንጀትዎ ያወጣንልዎ በካሜራው ነው። ብትቆይ ኖሮ ወደ ክፉው ልትዞር ትችል ነበር» አለች። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። «ቆይ፣ ወንድምና እህት ነው ያሉኝ? በመጀመሪያው ቀን ‘እህት ወንድም ካለዎት ይምጡ፣ እነሱንም በካሜራ እናያቸዋለን’ ስልዎት ውጭ አገር ናቸው ብለውኝ አልነበር?»

እትዬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጆሮዋ ድረስ ነደዳት። ብላ ነበር፤ ውጭ አገር ናቸው ብላ ነበር። ካሜራው የሚገባው በመቀመጫ በኩል ነው፣ ይሄ ነው ነገሩ! ለዚያ ምርመራ ብላ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ጠጥታ ሌሊቱን ስትመላለስ፣ ቤት ውስጥ «የተበላሸ ምግብ በልቼ ነው» አለች። ሐኪሙ ዘንድ በጎኗ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ ያየ የለም። ያቺ ሥጋ ስትወጣላትም የምሥራች የነገረችው ሰው አልነበረም። ታናናሾቿ ቢመጡ፣ እትዬያቸው፣ ቀሚሷ እንኳ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ የማያውቀው እትዬ፣ እዚያ አልጋ ላይ ምን ሆና እንደተኛች ያውቁባታል። ስለዚህ ለማካፈል የማያሳፍረውን አካፈለች፤ የሚያሳፍረውን ለብቻዋ ይዛ ቀረች። ለጋስ እኮ ናት! ይሄ ሁሉ ጠዋት በምላጭ ስትከፍል ምን ያህል ደግ እንደሆነች እያሰበች ነበር።

ሲስተሯ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወንበሯን ወደ እትዬ ስባ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከጥናቱ እንደምትወጣ፣ ካሜራው ግን እንደማይቀርባት ነገረቻት። ከዚያ ስለ ታናናሾቿ ጠየቀች፤ የከሳ አለ? ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት የሚሄድ? ከታች ደም የሚያይ? «ሰው ይደብቀዋል፤ ልብሱን ሳይቀር ለብቻው እያጠበ የሚደብቅ አለ» አለች እንደ ዋዛ። እትዬ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች። ሱሪው። በቀጭኑ የተከፈተው ቧንቧ። መሬት የተዘረጋው ፍራሽ። ሰሞኑን የመኪናው ወንበር ላይ ያነጠፈው ላስቲክ፤ «ዳቦ ቤቱ አዝዞን ነው» ያለው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ።» እናቷም ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ያንኑ ቧንቧ በቀጭኑ ትከፍት ነበር። እሷም ከአልጋዋ ድምፁን ሰምታ «እማዬ ምን እያጠብሽ ነው?» ስትል፣ «ተኚ፣ ምንም አይደለም» ትላት ነበር። እትዬ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ጠዋት ሚስቲቱ ስትነግራት ያላወቀችው ማወቅ ስላልፈለገች ነው።

«ሲስተር፣ ነገ ይዤው ብመጣ?» አለች።

«ነገ ጠዋት ባዶ ሆዱን ይምጣ። እኔ ነኝ ያለሁት።»

አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ለቀቁላት፣ አልተቀመጠችም። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ትለማመድ ነበር። «ደም ይወርድሃል ወይ?» ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሳይወጣ ይቀራል። «ሆድህን ያምሃል ወይ?» ሆድ አይሆንም፤ ሆድ ብለው ነው እናታቸውን የቀበሩት። አንዲት ሴትዮ ብቻዋን የምታወራ መስሏት ገልመጥ አድርጋ አየቻት። ይየኝ አገር ምድሩ፣ አለች በልቧ፤ ወዲያው ግን አንገቷን ደፋች። አርባ ጊዜ ብታስበውም ቃሉን ሳትለው ከአውቶቡሱ ወረደች።

ግቢው ስትደርስ ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ደንበኛዋን ካስክ ሥር ጥላ ቆማ ነበር። ሮጣ መጥታ እጇን ያዘቻትና «አመነ!» አለች በሹክሹክታ። «ምኑን?» «ሴቷን ነዋ! ለምሳ ሲገባ ሚስቱ ፌስታሉን መኪናው ውስጥ አግኝታ ያዘችው፤ አፋጠጠችው፤ አዎ፣ ሴት አለችኝ አለ። ሻንጣዋን እያሰረች ነው። ደግሞ ሰው ሲያምን እንዲህ ነው እንዴ? ማን ናት ስትለው ስሟን እንኳ መናገር አቅቶት እንደ ተማሪ ቆሟል።» እትዬ በቀጥታ ወደ ኋለኛው ክፍል ሄደች። ወንድሟ ትዳሩ ቢፈርስ መረጠ። አመንዝራ መባልን፣ ቤት አፍራሽ መባልን፣ ሚስቱ በሰፈሩ ፊት ሻንጣ ተሸክማ መውጣቷን ሁሉ መረጠ፤ ያቺን አንዲት ቃል ከመናገር።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ከእንጨት የተሠራች ጠረጴዛ፣ ከእነሱ ተርፎ ሰው የሚቆምበት የለም። ሚስት አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ ታጥፋለች፤ ሳታለቅስ፣ ዓይኗ ደርቆ። ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፌስታሉ መሐላቸው ወለል ላይ አለ፣ አልተከፈተም። ሚስት ልትከፍተው ተጸይፋለች፤ የሌላ ሴት ሽታ ያለበት መስሏት። እትዬ ገባች፣ ፀጉር ሠሪዋም ተከትላት ገባችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ከውጭ የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ይሰማል።

«ሴት የለችውም» አለች እትዬ።

«አለችኝ!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። «አለችኝ አልኩ እኮ! አንቺ አይመለከትሽም፣ እትዬ። ውጪ።»

በሕይወቱ «ውጪ» ብሏት አያውቅም። ፀጉር ሠሪዋ ተንጠራርታ «አንተ!» አለችው። እትዬ ግን አልወጣችም። የቁምሳጥኑን እጀታ ያዘች። ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ እንደሚያነብ ሰው በአንድ ድምፅ፣ ተናገረች። እናታቸው የሞተችው በሆድ ሕመም ሳይሆን በአንጀት ካንሰር መሆኑን፤ ከመቀመጫዋ ደም ይወርዳት እንደነበርና ልብሷን ጎህ ሳይቀድ ታጥብ እንደነበር፤ እሷ ራሷ ሆስፒታል ስትሄድ ደም ለማስቀዳት ብቻ እንዳልነበር ተናገረች። «ካሜራ ያስገባሉ። በመቀመጫ በኩል ነው። እኔም ገብቶልኛል። በጎኔ አስተኝተው፣ እዚህ ድረስ ገልጠው…» የቀሚሷን ጫፍ ወደ ታች ጎተተችና ቀጠለች። «የበቀለች ሥጋ አገኙብኝ፤ በዚያው አወጡልኝ። እናንተም ኑ ተብላችሁ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ውጭ አገር ናቸው አልኳቸው። አፍሬ ነው።»

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ግድግዳውን ይዞ ወረደና ቁጢጥ አለ፤ ጠዋት ቧንቧው ሥር ቁጢጥ እንዳለው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከእጆቹ ሥር፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ከቆየ ሰነበተ» አለ። «መጀመሪያ ኪንታሮት መስሎኝ ነበር። እርዱንም እየላስኩ ስለሆነ… ይከላከላል ብለሽኝ የለም? እየላስኩ ነው አልኩ በልቤ። ይሄን ያህል ክፉ አይሆንም አልኩ።»

ሚስት እጇ ላይ ያለውን ቀሚስ አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ፌስታሉን አነሳች፣ ፈታችው፣ ሱሪውን አወጣች። ታጥቦም ወገቡ ሥር ጠይም ጥላ ነበረበት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች።

«አንቺ ታይተሻል» አለቻት። ከተዳረች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለቻት፤ ማንም አላረማት። «ተገኝቶብሽ ወጥቶልሻል። አንቺ ድነሽ ለእሱ ግን ዱቄት ታልሺው ነበር።»

«አዎ» አለች እትዬ።

«በየጠዋቱ።»

«አዎ።»

ይቅርታ ልትል አስባ፣ ቃሉ ለዚህ የሚያንስ መሰላትና ተወችው። ወደ ወንድሟ ጎንበስ ብላ «ነገ ጠዋት እወስድሃለሁ፤ ሲስተሯን አውቃታለሁ፣ ጥሩ ልጅ ናት» አለችው። ሾፌሩ እጁን ከፊቱ ላይ አነሳ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን አላያትም፤ ወደ ሚስቱ ነው ያየው።

«የሚያየው ሰውዬ ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ጠየቀ።

«ወንድ ነው» አለች እትዬ።

«ያማል?»

«ብዙም አያምም።»

«ከእሷ ጋር ነው የምሄደው» አለ፣ ሚስቱን በአገጩ እያመለከተ። ሚስት ሱሪውን ክንዷ ላይ አድርጋ «ባዶ ሆዱን ነው ያሉት?» ብላ ጠየቀች፣ እንደ እንግዳ ሰው። «ባዶ ሆዱን» አለች እትዬ። «እህቱስ?» «እሷም ትምጣ ይላሉ።» ፀጉር ሠሪዋ ራሷን ነቀነቀች። በዚህ ውስጥ ለእትዬ የተረፈ ነገር ስላልነበረ በሩን ከፍታ ወጣች።

ከኋላዋ ሚስት ወጣችና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ሱሪውን በጠራራ ፀሐይ፣ ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ አንገቷን አስግጋ እያየቻት፣ በሳሙና አሸችው። ሲጸዳላት ግቢው መሐል ባለው ገመድ ላይ፣ ከሁሉም ልብስ ፊት፣ ዘርግታ አሰጣችው። እትዬ በክፍሏ መስኮት አየቻት፤ ስትጨርስ ቧንቧው ነፃ ሆነ። የጠዋቱ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የዱቄቱ ቢጫ ጠርዙ ላይ ደርቋል። ምላጩ አጠገቡ አለ። ከወንበሩ ላይ የኩኩ ነጭ ጃኬት ተሰቅሏል፣ ኪሱ በመርፌ ቁልፍ እንደተሰካ፣ ከሥሩ የእርዱ ነጠብጣብ ትንሽ ብቅ ብሎ ይታያል።

ሳህኑን ይዛ ወጣችና ቧንቧው ሥር ያዘችው። ሳሙና አልጨመረችበትም፣ በእጇም አላሸችውም። ቢጫው ገና የመጀመሪያው ውሃ ሲነካው ጥርግ ብሎ ሄደ። ሳህኑ ነጭ ሆነ፤ ጣቶቿም ጥፍሯ ሥር ሳይቀር ነጹ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር። በየጠዋቱ እንዲሁ በውሃ ብቻ ሲሄድላት «ተመስገን፣ አያስቸግርም» እያለች ሳህኑን ትሰቅል ነበር፤ እርድ አይለቅም ብላ ለኩኩ የማለችው ልብስ ሰፊ።

ሳህኑ ጠርቶ ነበር። እሷ ግን ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ወንድሟ ከክፍሉ ወጥቶ አልፏት እስኪሄድ ድረስ፣ ቀና ላለማለት ደግማ ደግማ አጠበችው።